ከብረቱ በፊት መሬቱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከጎጃም የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ሳይነጋገሩ አንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል፤ ጉዳዩም በጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ያለ የልጆች መጫወቻ ነው። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ነው። በአራት ብሎኮች መካከል 12 ሜትር በ18 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ አለን። በፕላኑ ላይ የልጆች መጫወቻ ተብሎ ተመልክቷል፤ በተግባር ግን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው፤ አንዳንዴም ባጃጅ ይቆምበታል። አፈሩ ዋልካ ነው። ማኅበራችን ለሦስት ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ ስላለ፣ አንድ ብየዳ ቤት 2 ሜትር ከ40 ከፍታ ያለው ባለ ሁለት መቀመጫ ዥዋዥዌና በዚያው ልክ ከፍ ያለ የላሜራ ሸርተቴ ሊሠራልን ዋጋ አቅርቧል። ኮሚቴው ደግሞ ጭቃውን ለማስቀረት ቦታውን በሙሉ ኮብልስቶን አንጥፈን ብረቱን በኮንክሪት እንትከለው ብሏል። አንዳንድ ወላጆች ግን ሥጋት አድሮባቸዋል። በአንዱ ጥግ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን መኖሩንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ምን ይመክሩናል?
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልጀምር። የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ከዥዋዥዌውም፣ ከሸርተቴውም፣ ከኮብልስቶኑም ይቀድማል። ክዳኑ የተሰነጠቀ ወይም የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ አንድ ልጅ በእንጨት ፈልቅቆ ሊያነሣው የሚችል ከሆነ፣ የመጫወቻው ውሳኔ እስኪደርስ ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት በፌሮ የተጠናከረ ከባድ ክዳን አሠርታችሁ ቁልፍ አብጁለት። መጫወቻውም ከእርሱ ራቅ ይበል፤ የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው በመጣ ቁጥር ቱቦውን የሚዘረጋው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ዛሬ የምትተክሉት ነገር ነገ መንገድ ዘጋ ተብሎ እንዳይነቀል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ ኮሚቴው በጭቃው መጨነቁ ትክክል ነው፤ የመረጠው መድኃኒት ግን ከበሽታው የከፋ ነው። በድንጋይ ንጣፍ ላይ ከፍ ያለ ብረት መትከል ልጅን ከጭቃ አውጥቶ ለድንጋይ መስጠት ይሆናል። ከ2 ሜትር ከ40 ከፍታ የወደቀ ልጅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ባጃጅ በሠፈር መንገድ ላይ የምትሄድበት ፍጥነት መሆኑን ልብ ይሏል። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው ደግሞ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን፣ የወደቀው ጭንቅላት ለመቆም የሚያገኘው ርቀት ነው። ድንጋይ አይሰረጉድም፤ ልቅ አሸዋ ግን ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የራስ ቅልን የምታተርፈውም ያችው ጥቂት ሳንቲሜትር ናት። ሣርና ተረግጦ የጠነከረ አፈርም ቢሆኑ ለዓይን ለስላሳ ይምሰሉ እንጂ ለዚህ አይበቁም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ለሕዝብ መጫወቻዎች ያወጣው መመሪያ አስፋልትንና ኮንክሪትን ብቻ ሳይሆን፣ ሣርንና የተጠቀጠቀ አፈርንም ከፍ ካለ መጫወቻ ሥር መነጠፍ ከሚችሉት ዝርዝር ውስጥ አያስገባቸውም።

ይኸው መመሪያ ስለ ጥልቀት የሚሰጠው ልክ ሥራችሁን ያቀልላችኋል። 23 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ እስከ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ለሚሆን ውድቀት ይበቃል፤ ያንኑ ያህል ድቡልቡል ጠጠር እስከ 1 ሜትር ከ50፣ ያንኑ ያህል የእንጨት ስንጥርጣሪ ደግሞ እስከ 3 ሜትር ያደርሳል። ከሦስቱ ለእናንተ በቀላሉ የሚገኘው የወንዝ አሸዋ ይመስለኛል። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ በነጻ እናመጣለን የሚል ሰው ከስብሰባው እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ ሰጋቱራ ግን በበጋ ነፋስ ይወስደዋል፣ በክረምት ይበሰብሳል፣ ምስማርና የተቀባ እንጨት ፍርፋሪም ይደባለቅበታል። እንግዲህ ንጣፋችሁ አሸዋ ከሆነ፣ ልጅ የሚወጣበት ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ላይ ይቆማል ማለት ነው። ብየዳ ቤቱ ያቀረበው ቁመት በግማሽ ይቀነስ፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል፤ የተረፈው ገንዘብ አሸዋውን ይገዛል።

ዥዋዥዌውን ለጊዜው ተዉት። ይህን በመምከሬ የግቢው ልጆች እንደሚያዝኑብኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከዥዋዥዌ ፊትና ኋላ ባዶ መሆን የሚገባው ርቀት የመንጠልጠያው ከፍታ እጥፍ ነው፤ መንጠልጠያው 2 ሜትር ከ40 ከሆነ ወደ ፊት 4 ሜትር ከ80፣ ወደ ኋላም 4 ሜትር ከ80፣ በድምሩ 9 ሜትር ከ60 ይሆናል። ከ12 ሜትራችሁ የሚቀረው 2 ሜትር ከ40 ብቻ ነው። በዚያ ላይ የመውደቂያው ከፍታ የሚለካው ከመቀመጫው ሳይሆን ከመንጠልጠያው በመሆኑ፣ አሸዋው አይበቃውም። ይህን ሁሉ ቦታ የሚበላው ሁለት ልጆችን ለማጫወት ነው፤ የቀሩት ተራ ይጠብቃሉ፤ የሁለትና የሦስት ዓመቶቹ ደግሞ ተራ መጠበቅ ስለማይሆንላቸው በዥዋዥዌው መንገድ ላይ ይገባሉ። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ግሩም ነገር ነው። ለእናንተ አይደለም።

ሸርተቴውን ግን አትተዉት፤ መሰላል ባለው ማማ ላይ ከመስቀል ይልቅ በጉብታ ላይ አስተኙት። 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያለው፣ በየ2 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ጉብታ ከተሠራ፣ የሸርተቴው ዝንባሌ መመሪያው ከሚፈቅደው 30 ዲግሪ በታች ይሆናል፤ ላሜራውም 2 ሜትር ከ70 ያህል ርዝመት ይበቃዋል። ትልቁ ጥቅሙ ከጎኑ የወደቀ ልጅ ከማማ ላይ እንደሚወድቀው አየር ላይ አለመቆየቱ ነው፤ ሣር ባለው ተዳፋት ላይ ይንከባለልና እየሳቀ ይነሣል። መሰላል ስለማይኖርም ጉብታውን በአራቱም አቅጣጫ ይወጡታል፤ እንዲያውም ከሸርተቴው ይልቅ ጉብታውን እንደሚወድዱት ታያላችሁ። ላሜራው ከግራና ከቀኝ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፤ መጨረሻው ላይ ልጁ ፍጥነቱን የሚቀንስበት አግድም ክፍል ይኑረው፤ ከዚያ በኋላም 2 ሜትር ያህል አሸዋ ይጠብቀው። የደጋ ፀሐይ ላሜራን ምን ያህል እንደሚያግል የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የአንዱ ብሎክ ጥላ በሚያርፍበት በኩል ቢሆን ይመረጣል።

ስለ መሬቱ አሠራር ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው የሚበላሸውም የሚሳካውም እዚህ ላይ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ አሸዋ ብቻ ብታፈሱ በአንድ ክረምት ተደባልቆ ከጭቃው የማይሻል ነገር ይወጣዋል። ከጉብታው ግርጌ 30 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ በ40 ሳንቲሜትር ጥልቀት አስቆፍሩ። የጉድጓዱ መሬት በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ወደ ግቢው ቦይ ይዘንብል፤ ከዝቅተኛው ጫፍም ውኃው የሚወጣበት ቱቦ ይቀበር። ከሥር 10 ሳንቲሜትር ጠጠር አልብሱ፤ በላዩ የማዳበሪያ ጆንያ ተርትራችሁ ዘርጉ፤ በእርሻ አገር የሚገኘው ይህ ጆንያ ውኃ እያሳለፈ አሸዋውን ከጠጠሩ ይለያል። ከዚያ 30 ሳንቲሜትር አሸዋ ይሞላ። ከ23 ያለፈው ትርፍ የተጨመረው አሸዋ ስለሚጠቀጠቅና ልጆቹም በጫማቸው፣ በኪሳቸው ይዘውት ስለሚሄዱ ነው። ጠቅላላው 9 ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን ከአንድ ሲኖ ትራክ ጭነት አይበልጥም። የተቆፈረው ዋልካም አይጣልም፤ የጉብታው ሆድ ይሆናል፤ ላዩን ግን 30 ሳንቲሜትር ቀይ አፈር አልብሳችሁ ሣር ትከሉበት። ቁፋሮው ከጥቅምት በኋላ ይጀመር፤ ሣሩና ዛፉ ግን የሰኔን ዝናብ ይጠብቁ። ለጥላ ዋንዛ ብትተክሉ ደስ ይለኛል፤ ፍሬው ለልጅ የሚጣፍጥ መሆኑን ከራሴ ልጅነት አውቀዋለሁ። አጥር ቢያስፈልጋችሁ ቅንጭብ አይሁን፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

ለብየዳ ቤቱ የምትሰጡት ትእዛዝ ላይ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይግባ። የመጀመሪያው ክፍተት ነው፤ በማናቸውም ፍርግርግ ውስጥ ከ9 እስከ 23 ሳንቲሜትር የሆነ ክፍተት አይኑር። የትንሽ ልጅ ሰውነት በእግሩ በኩል ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዛል፤ ለበረንዳ የለመድነው የጌጥ ፍርግርግ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ልክ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ብየዳ ሠራተኛው በልማዱ እንዳይሠራው ይነገረው። ሁለተኛው የቡሎን ጫፍ ነው። ከዳዶው አልፎ የወጣ ቡሎን ሁሉ ተቆርጦ ይሞረድ፤ የላሜራው ጠርዝም ወደ ውጭ ይጠቅለል። በእኛ አገር ይህ ጉዳይ ከሌላው ይበልጣል፤ ልጆቻችን አንገታቸው ላይ ማተብ አለና። ማተቡ ይውለቅ አልልም፤ ቶሎ በሚበጠስ ቀጭን ክር ይሁን፣ ከልብሱም ሥር ይግባ እላለሁ። ሻርፕና ባለ ገመድ ኮፍያ ግን ከመጫወቻው ውጭ ይቆዩ።

ገንዘብ ከተረፈ ሌላ ከፍ ያለ ብረት አትጨምሩ። አልዶ ቫን አይክ የተባለው የኔዘርላንድስ አርክቴክት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ለአምስተርዳም ከተማ ሲሠራ፣ እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ መጫወቻዎችን ነድፏል፤ ብዙዎቹ በሕንፃዎች መካከል በተረፉ፣ የእናንተን በመሰሉ ባዶ ቦታዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። የተጠቀመባቸው ነገሮች ተራ ነበሩ፦ ሰፊ የኮንክሪት ጠርዝ ያለው የአሸዋ መጫወቻ፣ ልጅ የሚገለባበጥባቸው ዝቅ ያሉ የብረት ዘንጎች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘለልባቸው ድቡልቡል ኮንክሪቶች። ሁሉም ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አንዳቸውም ቢሆን ለአንድ ጨዋታ ብቻ አልተሠሩም። ከደብረ ማርቆስ ግንበኞች መካከል እነዚህን መሥራት የሚያቅተው አይኖርም።

ኮሚቴው የወደደውን ኮብልስቶንም ጨርሼ አልጥለውም። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይና ብይ ደረቅና ጠንካራ መሬት ይፈልጋሉ፤ ከእነዚህ መካከል ማንም ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቅበት ጨዋታ የለም። በአንድ ዳር 3 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ብታደርጉ ልጆቹም እናቶችም ከጭቃ ይድናሉ። የቱ ዳር ይሁን የሚለውን ለመወሰን አንድ ሳምንት በመስኮት ተመልከቱ፤ ሣር ያልበቀለበት መስመር የልጆቹ መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ ምንም አትትከሉ።

ስለ ባጃጁ በአጭሩ፦ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከእያንዳንዱ ባለቤት ቤት ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍልና ግቢ የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበሩ ነው። የቦታው አጠቃቀም በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሁለት የብረት ምሰሶ ደግሞ መግቢያው ላይ ይተከል። ከቃለ ጉባኤው ይልቅ ምሰሶው ባጃጁን እንደሚያስቆመው ግን አልሸሽግዎትም።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በምንኖርበት የጋራ ግቢ ወጣቶች ተባብረን አሮጌ የመኪና ጎማዎችን ቀለም ቀብተን፣ ግማሹን መሬት ውስጥ ቀብረን ለልጆች መወጣጫ ሠራን። መጀመሪያ ሁሉም አመስግኖን ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ጎማው ውስጥ ውኃ እየተጠራቀመ ትንኝ ያራባል፣ ወባ ታመጡብናላችሁ ተብለን እንድንነቅለው ተጠየቅን። እውነት መነቀል አለበት?
ከባሕር ዳር የወጣቶች ቡድን

መልስ፦ መነቀል የለበትም፤ መብሳት ግን አለበት። ጎማ ውኃ ሲይዝ ትንኝ እንደሚራባበት ጎረቤቶቻችሁ የተናገሩት እውነት ነው፤ በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነሥቶ በራሪ ትንኝ ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃል። በእያንዳንዱ ጎማ ዝቅተኛ ክፍል ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ በየ15 ሳንቲሜትሩ ብሱ፤ የተቀበረውን ክፍል ደግሞ ጠጠርና አፈር ጠቅጥቃችሁ ሙሉት፤ ውኃ የሚያቁር ባዶ ቦታ አይቅር። ስትበሱ የጎማው የብረት ሽቦ ብቅ ካለ ያን ጎማ አስወግዱት፤ ሽቦው እጅ ይቆርጣል።

ይሁንና በወባው ጉዳይ ዓይናችሁ ከጎማው ይልቅ ከጎማው አጠገብ ወዳለው መሬት ይመልከት። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ የምትመርጠው ፀሐይ የሚያገኛቸውን ትንንሽ ጊዜያዊ ኩሬዎች ነው፤ ልጆች በእግራቸው የጎደጎዱት፣ ዝናብ የሞላው የመጫወቻ መሬት ለእርሷ የተመቸ ቤት ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ባሕር ዳር ይህ ቀልድ አይደለም። ከላይ ለደብረ ማርቆሱ ጸሐፊ ስለ ዝንባሌና ስለ ጠጠር የጻፍሁት ለእናንተም ይሠራል፤ ሙሉውን ለመሥራት አቅም ባይኖር እንኳ፣ ዝናብ ባባራ ማግሥት ዞር ዞር ብላችሁ ውኃ የቋጠረውን ጉድጓድ ሁሉ በጠጠር ሙሉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ በጎማዎቹ መካከል አጠና ተክላችሁ፣ እንዳይበሰብስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብታችሁት ከሆነ፣ ልጅ የሚነካው ክፍል ላይ አይሁን። ለአጥር የለመድነው ዘዴ ለልጅ እጅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። የምኖረው ደብረ ማርቆስ፣ በምድር ቤት ነው። ኮሚቴው የልጆቹን መጫወቻ ከመስኮቴ ሥር ሊያደርገው ነው። ልጅ ጠላች እንዳትለኝ፤ ሰባት ወልጄ አሳድጌአለሁ። ግን ኳሱ መስኮቴን ሁለት ጊዜ ሰበረው፤ ቀትር ላይም ጎኔን ማሳረፍ አልቻልሁም። ደግሞስ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን የት ልንተክል ነው? ያ ቦታ እኮ የዕድራችንም ነው።
አንዲት እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እማማ፣ ልጅ ጠሉ አልልዎትም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የልጆችን የዕረፍትና የጨዋታ መብት ያውቃል፤ የአያቶችን የቀትር ዕረፍት የሚደነግግ ስምምነት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ነገሩን በጉርብትና እንጨርሰው።

እርስዎን የሚያስቸግርዎት የትንንሾቹ ጨዋታ ሳይሆን የትልልቆቹ ኳስ ይመስለኛል። ሁለቱ በአንድ ቦታ መዋል የለባቸውም፤ ለእርስዎ መስኮት ብቻ ሳይሆን አሸዋ ላይ ተቀምጠው ዕቃ ዕቃ ለሚጫወቱት ሕፃናትም ሲባል ነው። ኳሱ መስኮት ወደሌለው የግቢው ጫፍ ወይም ወደ ቀበሌው ሜዳ ይሂድ ብለው ኮሚቴውን ይጠይቁ፤ ይህን ብለው ሊከለክሉዎት አይችሉም። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ጸጥታ ይሁን የሚል ውሳኔ ቢወጣም ተገቢ ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐዩም ለልጆቹ አይመችም። ከዚያ ውጭ የትንንሾቹን መጫወቻ ከመስኮትዎ ፈጽሞ ባያርቁት እመርጣለሁ፤ 5 ወይም 6 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከእርስዎ መስኮት የሚታይ ቢሆን ደግ ነው። እናቶቻቸው ሥራ ውለው በሚመጡበት ግቢ የእርስዎን ያህል ተመልካች ከየት ይገኛል?

የድንኳኑ ጥያቄ ብልህ ጥያቄ ነው፤ ኮሚቴዎች የሚረሱትም ይህንኑ ነው። መጫወቻው ቦታውን ሁሉ ከያዘው በመጀመሪያው ለቅሶ ይፈርሳል። አሸዋውና ጉብታው በአንድ ወገን ተሰብስበው፣ ድንኳን የሚያስተክል ንጣፍ በሌላው ወገን ይቅር፤ በንጣፉ ውስጥም የድንኳኑ ገመድ የሚታሰርባቸው የብረት ቀለበቶች ከመሬቱ እኩል ሆነው ይቀበሩ። ካስማ አሸዋው ላይ ከተመታ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ ላይ የተረሳ ብረት ይቀራል። የእርድ ቦታውም ከአሸዋው ይራቅ፤ ውሻና ድመት ደም ካሸተቱበት አይለቁትም።

አግዳሚ ወንበር እናሠራለን ሲሉ ደግሞ ዝም እንዳይሉ። መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ይኑረው ይበሉ፤ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ለመቀመጥ ቀላል ሆኖ ለመነሣት ያስቸግራል። በጥላው በኩል፣ ፊቱን ወደ አሸዋው አዙሮ ይተከል።